ሄልሜት፣ አንገትና የሁለተኛ ደረጃ ፉትቦል፦ ልጆቻችን ታክል ሲማሩ ወላጆች ምን እንጠይቅ?

የአውሮራ እናት | ኮሎራዶ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ ለትምህርት ቤቱ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ተመርጧል። እኔና አባቱ ያደግነው በእግር ኳስ ስለሆነ ይህን ጨዋታ የምናውቀው በቴሌቪዥን ያየነውን ያህል ብቻ ነው። ልጁ ግን ከልቡ ወዶታል፤ ጓደኞች አፍርቶበታል፤ ከቡድኑ እንዳይወጣ ሲልም ትምህርቱን ጠንክሮ ይዟል። ስለዚህ አባቱ እንደሚፈልገው ፈጥነን ከመከልከላችን በፊት ነገሩን በሚገባ መረዳት እፈልጋለሁ።

ሰሞኑን ልምምዳቸውን ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ተመለከትኩ። ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ከተወሰነ ርቀት ተነሥተው የሚጋጩበት ልምምድ ነበር። አንደኛው ልጅ ሊደርስ ሲል አንገቱን አቀርቅሮ፣ ዓይኑን ወደ ሣሩ ጥሎ፣ በሄልሜቱ አናት የጓደኛውን ደረት መታው። ድምፁ እኔ እስከቆምኩበት ድረስ ተሰማ። ከረዳት አሰልጣኞቹ አንዱም አጨበጨበለት። ማታ ልጄን ስጠይቀው፣ "እማዬ፣ ሄልሜቶቹ እኮ አዲስ ናቸው፤ ምንም አይሆንም" አለኝ። ሄልሜቱን ተቀብዬ ሳገላብጠው የተለጠፈበትን ማስጠንቀቂያ አነበብኩ። በሄልሜት ተጋጣሚን መውጋት ወይም መግጨት የጨዋታውን ሕግ የሚጥስ መሆኑን፣ ለከባድ የራስና የአንገት ጉዳት፣ ለሽባነትና ለሞት ሊያደርስ እንደሚችል፣ እንዲህ ያለውን ጉዳት ፈጽሞ የሚከላከል ሄልሜት አለመኖሩን ይናገራል። የሄልሜቱ ማስጠንቀቂያ ይህን ካለ ለዚያ ልጅ የተጨበጨበለት ለምንድን ነው?

ሕጉ በትክክል ምን እንደሚል፣ የሚያስከብረው ማን እንደሆነ፣ አሰልጣኙን ሳላስቀይም ምን ብጠይቅ እንደሚሻል የምታውቁ ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።


ዳኛው | ሰሜን ቨርጂኒያ

ውድ እህቴ፣ ያነሡት ጥያቄ ተገቢ ነው። እኔ ዓርብ ማታ የሁለተኛ ደረጃ ጨዋታዎችን ከሚዳኙት አንዱ ነኝ፤ ስለዚህ የሕጉን ክፍል ላስረዳ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በአብዛኞቹ ግዛቶች የምንዳኘው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ኢንዲያናፖሊስ የሆነው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የስፖርት ማኅበራት ብሔራዊ ፌዴሬሽን በሚያወጣው የሕግ መጽሐፍ ነው። ተጫዋች ታክል ሲያደርግም (ኳስ የያዘውን ይዞ ሲጥል) ሆነ ብሎክ ሲያደርግ (ተጋጣሚን ገፍቶ መንገድ ሲዘጋ) በሄልሜቱ ወይም በፊት ፍርግርጉ ቀድሞ እንዳይመታ የተከለከለው በ1976 ነው፤ የኮሌጆቹም ማኅበር በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ክልከላ አወጣ። ስለዚህ እርስዎ ያዩት ነገር ልጁ ከመወለዱ ብቻ ሳይሆን ምናልባት አሰልጣኙም ከመወለዱ በፊት የታገደ ነው።

ዛሬ በመጽሐፉ ውስጥ ሕገ ወጥ የሄልሜት ንክኪ በሚለው ርዕስ ሥር ብዙ ነገር ተካቷል። ከሁሉ የከፋው ስፒሪንግ የሚባለው፣ በሄልሜቱ አናት ተጋጣሚን ቀድሞ መምታት ነው። በሄልሜቱ የፊት ክፍል ቀድሞ መምታትም፣ የተመታው ኳስ የያዘ ቢሆን ባይሆን፣ ጥፋት ነው። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ታርጌቲንግ በመጽሐፉ ውስጥ ተተርጉሞ ገብቷል፤ ይኸውም አነጣጥሮ ተጋጣሚን ከትከሻው በላይ በሄልሜት፣ በክንድ፣ በእጅ፣ በቡጢ፣ በክርን ወይም በትከሻ መምታት ነው። ልብ ይበሉ፤ ታርጌቲንግ የሚመለከተው የተመታውን ቦታ ሲሆን፣ ስፒሪንግ የሚመለከተው የመችውን የገዛ ራሱን አቀማመጥ ነው። የጓደኛውን ደረት በአናቱ የመታው ልጅ ከፍ ብሎ አልመታም፤ ነገር ግን ራሱን ለአደጋ ያጋለጠው እሱ ነው። ቅጣቱ ቡድኑ በሜዳው ላይ 15 ያርድ እንዲያጣ ማድረግ ነው፤ ድርጊቱ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ወይም ከባድ አደጋ የሚያስከትል ሆኖ ከታየን ተጫዋቹን ከሜዳ እናስወጣለን።

ብዙ ወላጆች ይህ ሕግ የሚሠራው በተከላካዮች ላይ ብቻ ይመስላቸዋል። እንደዚያ አይደለም። ኳሱን ይዞ የሚሮጠውም ልጅ ጥቂት ያርድ ለመጨመር ብሎ አናቱን ዝቅ አድርጎ ወደ ተከላካዩ ቢገባ ያው ጥፋት ነው። እውነቱን ለመናገር ይህን የምንጠራው ከሚገባው በታች ነው፤ ሯጩ ሲያቀረቅር ተመልካቹም፣ አሰልጣኙም፣ አንዳንዴ እኛም የጀግንነት አድርገን እናየዋለን።

ከማያይበት አቅጣጫ መጥቶ ተጋጣሚን መጣልም በ2017 ተገድቧል፤ በተዘረጉ እጆች ካልሆነ በቀር በጉልበት መምታት አይፈቀድም። የትከሻውን ፓድ ከኋላ ወይም ከጎን በአንገትጌው ይዞ ወደ ኋላ መጣል ደግሞ ቀደም ብሎ በ2009 ተከልክሏል።

አሁን ማን ያስከብራል ወደሚለው ልምጣ። ዓርብ ማታ ሜዳው ላይ ጥቂት ዳኞች፣ በተቃራኒው 22 ተጫዋቾች አሉ። ግጭቱ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያልቃል፤ በአብዛኛው ቪዲዮ መልሰን የምናይበት ዕድል የለንም። ስለዚህ የምናየውን እንቀጣለን፣ የማናየው ያልፋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ልምምድ ላይ ዳኛ የለም። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሕጉ በአሰልጣኙ እጅ ነው። ልጁ ዓርብ የሚያደርገው ማክሰኞ የተጨበጨበለትን ነው።


የሕክምና ባለሙያዋ | ሲያትል

ከዳኛው ወንድሜ የመጨረሻ ሐሳብ ልነሣ። እኔ የምሠራው ከስፖርተኞች ጋር በአትሌቲክ ትሬነርነት፣ ማለትም የስፖርት ጉዳትን በመከላከልና በመንከባከብ፣ ነው፤ ወላጆች ሁለት የተለያዩ ጉዳቶችን አንድ አድርገው ሲፈሩ በየጊዜው አያለሁ። የአንገት አጥንት ስብራትና የአንጎል መናወጥ የተለያየ ምክንያት፣ የተለያየም መከላከያ አላቸው።

አንገታችን ቀጥ ብለን ስንቆም ወደ ፊት የደገነ መጠነኛ ጠመዝማዛ አለው። ያ ጠመዝማዛ ራስ ላይ የሚያርፈውን ኃይል ወደ ጡንቻና ወደ ጅማት ያከፋፍላል። ተጫዋቹ አገጩን ወደ ደረቱ አስጠግቶ 30 ዲግሪ ያህል ሲያቀረቅር ግን ጠመዝማዛው ይጠፋና የአንገት አጥንቶቹ አንዱ በሌላው ላይ እንደ ተደረደረ ቀጥ ያለ ዐምድ ይሆናሉ። በዚያ ሁኔታ በአናቱ ሲጋጭ ራሱ ይቆማል፤ ሰውነቱ ግን ከኋላ መምጣቱን አያቆምም፤ አንገቱ በሁለቱ መካከል ይጨመቃል። አጥንቱ ሲሰበር ሕብለ ሰረሰርን ይጎዳል፤ ከዚያ በኋላ እጅና እግር የማይታዘዙበት ሽባነት ይመጣል። ለዚህ ጉዳት ሄልሜቱ አዲስ ይሁን አሮጌ፣ ውድ ይሁን ርካሽ ልዩነት የለውም፤ ሄልሜት የራስ ቅልን ይጠብቃል እንጂ አንገትን አያቅፍም።

ይህን በማስረጃ ያሳዩት ፊላደልፊያ ይሠሩ የነበሩት የአጥንት ሐኪም ዶክተር ጆሴፍ ቶርግ ናቸው። በ1975 በመላው አገሪቱ የሚደርሱ የፉትቦል የራስና የአንገት ጉዳቶችን የሚመዘግብ መዝገብ አቋቋሙ፤ ፊልሞችንም እየመረመሩ፣ ከባዶቹ የአንገት ጉዳቶች በአብዛኛው ወደ ኋላ በመጠምዘዝ ሳይሆን በአናት በመጋጨት የሚመጡ መሆናቸውን አረጋገጡ። ዳኛው የጠቀሱት የ1976 ክልከላ ከወጣ በኋላ፣ በ1976 የጨዋታ ወቅት 34 የነበረው የቋሚ ሽባነት ቁጥር በ1984 ወደ 5 ወረደ። በነዚያ ዓመታት የሰው አንገት አልተለወጠም፤ የተለወጠው የታክል አሠራሩ ነው። በሙያዬ ውስጥ ለወላጆች ከማስረዳቸው ነገሮች ሁሉ ይህን ያህል የሚያጽናናኝ የለም።

የራስ ቅል ስብራትና የአንጎል መድማት ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። በ1968 ብቻ በሁሉም ደረጃ 36 ተጫዋቾች በቀጥታ ከጨዋታው በደረሰባቸው ጉዳት ሞተዋል። በዚያን ዘመን ጠንካራ ሄልሜትና የፊት ፍርግርግ በመምጣታቸው ፊታቸው የማይጎዳ የመሰላቸው ተጫዋቾች ራሳቸውን እንደ መሣሪያ መጠቀም ጀምረው ነበር፤ አሰልጣኞችም ይህንኑ ያስተምሩ ነበር። ከዚያ በኋላ በ1969 የስፖርት መሣሪያዎች የደኅንነት መመዘኛ የሚያወጣ ብሔራዊ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ የሄልሜት መመዘኛው በ1973 ወጣ፤ በ1980 የሁለተኛ ደረጃ ተጫዋች ሁሉ መመዘኛውን ያለፈ ሄልሜት እንዲያደርግ ግዴታ ሆነ። በ1990 በቀጥታ በፉትቦል ጉዳት የሞተ ተጫዋች አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሞት ጨርሶ ጠፍቷል ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ሕግ፣ መሣሪያና የአሠልጣኞች ልማድ አብረው ሲለወጡ ምን ያህል ሕይወት እንደሚተርፍ ያሳያል።

የአንጎል መናወጥ ማለትም ኮንከሽን ግን በሄልሜት ብቻ የሚቀር አይደለም። አንጎል በራስ ቅል ውስጥ በድንገት ሲወዘወዝና ሲሽከረከር የሚመጣ በመሆኑ ከውጭ ያለው ቅርፊት የሚረዳው በከፊል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መከላከያ የራስ ግጭቶችን ቁጥር መቀነስ ሲሆን፣ ሁለተኛው የተመታውን ልጅ ወዲያውኑ ማስወጣት ነው።


የሁለት ልጆች አባት | ሜሪላንድ

ሁላችሁም በትሕትናና በዕውቀት ጽፋችኋል፤ አመሰግናለሁ። እኔ ግን በግልጽ ልናገር። ታላቁን ልጄን ከፉትቦል አውጥቼዋለሁ፤ ታናሹንም አላስገባም። ቦስተን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ዶክተር አን ማኪና ባልደረቦቻቸው በ2017 ባወጡት ጥናት ፉትቦል ተጫውተው ያለፉ የ202 ሰዎችን አንጎል መርምረው በ177ቱ ላይ ሲቲኢ የተባለውን የአንጎል በሽታ አግኝተዋል። ከነዚህ ውስጥ በፕሮፌሽናሉ ሊግ ከተጫወቱት 111 ሰዎች 110ሩ በሽታው ነበረባቸው። ይህን አንብቦ ልጁን ወደ ሜዳ የሚልክ ወላጅ እንዴት እንቅልፍ እንደሚወስደው አይገባኝም። ወላጆቻችን እኛን ለማሳደግ ብዙ ከፍለዋል፤ እኛም ወደዚህ አገር የመጣነው የልጆቻችንን አእምሮ ለማበልጸግ ነው። ሕግ ቢሻሻል፣ ታክል ቢሻሻል፣ ግጭት ግጭት ነው።


የሕክምና ባለሙያዋ | ሲያትል

ወንድሜ፣ የአባትነት ውሳኔዎን አከብራለሁ፤ ልጅን ከፉትቦል ማስወጣት ምንም የሚያሳፍር ነገር የለበትም። የጠቀሷቸው ቁጥሮችም ትክክል ናቸው። ሆኖም አንባቢ እንዳይሳሳት ሁለት ነገር ልጨምር። የነዚያ ሰዎች አንጎል ለምርመራ የተለገሰው ብዙውን ጊዜ ቤተሰባቸው በሕይወት ሳሉ የባሕርይ ወይም የማስታወስ ችግር ስላየባቸው ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ የተጫዋቾችን ሁሉ ሁኔታ አይወክልም፤ ተመራማሪዎቹም ይህንኑ ራሳቸው ጽፈዋል። በዚያው ጥናት ከፍተኛ ደረጃቸው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከነበሩት 14 ሰዎች ውስጥ በሽታው የተገኘው በ3ቱ ነው።

ይህን የምለው ነገሩን ለማቅለል አይደለም። በሽታው ዛሬም በእርግጠኝነት የሚታወቀው ከሞት በኋላ ነው፤ የምርምሩም አቅጣጫ እንደሚያሳየው ዋናው ጥያቄ አንድ ትልቅ ኮንከሽን መድረሱ ሳይሆን በዓመታት ውስጥ የተጠራቀሙት ትንንሽና ትላልቅ ግጭቶች ብዛት ነው። ለዚህ ነው ከሄልሜቱ ዋጋ ይልቅ በሳምንት ስንት ደቂቃ እንደሚጋጩ መጠየቅ የሚሻለው። ልጁን ያስወጣ ወላጅም፣ ያስቀጠለ ወላጅም ይህን ጥያቄ ቢያነሣ የሌላው ልጅ ይጠቀማል።


ረዳት አሰልጣኙ | ሚኒሶታ

እኔ በሁለተኛ ደረጃ ራሴ ተጫውቻለሁ፤ አሁን በአንድ ትምህርት ቤት ተከላካዮችን አሠለጥናለሁ። እህቴ ያዩት ልምምድ እኔን በጣም አሳዝኖኛል፤ ምክንያቱም ከረጅም ርቀት ተሯሩጦ ፊት ለፊት መጋጨት ስለ ታክል የሚያስተምረው ነገር የለም።

በእኔ ጊዜ ያስተማሩን ራሳችንን ከሯጩ ፊት አሳልፈን መንገዱን በራሳችን እንድንዘጋ ነበር። አሁን የምናስተምረው ተቃራኒውን ነው። ተከላካዩ በመጀመሪያ ሯጩን በዓይኑ ይከተላል፤ የሚመለከተው ቅርብ የሆነውን የሯጩን ዳሌ ነው፤ ዳሌ እንደ ጭንቅላትና እንደ እግር አያታልልም። ሲቀርብ እርምጃውን ያሳጥራል፣ ጉልበቱንና ዳሌውን ያጥፋል፤ ወገቡን ሰብሮ አያቀረቅርም። እዚህ ላይ ነው ብዙው ልጅ የሚሳሳተው፤ ዝቅ በል ሲባል በጉልበቱ ሳይሆን በአንገቱ ዝቅ ይላል። ከዚያ ለሯጩ ቅርብ የሆነውን እግሩን ወደ ሯጩ አስጠግቶ ይተክላል፤ በዚያው በኩል ያለውን ትከሻውን ከወገብ በታች፣ ከጭን በላይ ያሳርፋል፤ ራሱ ከሯጩ በስተኋላ ይቀራል፤ ዓይኑ ወደ ላይ ነው፤ ሁለቱን እጆቹን ጠቅልሎ እግሮቹን ሳያቆም ይገፋል ወይም ጭኑን ይዞ አብሮ ይወድቃል። የፕሮፌሽናሉ ቡድን የሲያትል ሲሆክስ አሰልጣኝ የነበሩት ፒት ካሮል ከራግቢ የተወሰደውን ይህን የትከሻ ታክል በ2014 በቪዲዮ ለአሰልጣኞች ሁሉ አሠራጭተዋል፤ እኛም ከዚያ ብዙ ወስደናል። ራግቢ የሚጫወቱት ሄልሜት የላቸውም፤ ስለዚህ ራሳቸውን ከፊት ማስቀደም አይታሰባቸውም።

ይህን የሚያጠናክር ጥናት በኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ተደርጓል። የኮሌጁ ተጫዋቾች ግማሾቹ በየሳምንቱ ለጥቂት ደቂቃዎች ያለ ሄልሜትና ያለ ትከሻ ፓድ፣ በአሰልጣኝ ቁጥጥር፣ የታክል ልምምድ ሠሩ፤ በአንድ የጨዋታ ወቅት መጨረሻ ላይ በራሳቸው ላይ የሚያርፈው ግጭት 28 በመቶ ቀነሰ። ወላጆች ይህን አንብባችሁ ልጆቹ በጓሮ ያለ ሄልሜት እንዲጋጩ እንዳትፈቅዱ አደራ፤ ልምምዱ የተደረገው በለስላሳ ዒላማና በዝግታ ነው።

ልምምዱን ለመመዘን እኛ አሰልጣኞች የምንጠቀምበትን ደረጃ ብታውቁ ይጠቅማችኋል። ዩኤስኤ ፉትቦል የተባለው የጨዋታው ብሔራዊ አካል ያዘጋጀው ነው። ዝቅተኛው ማንም ሳይኖር በአየር ላይ እንቅስቃሴውን ብቻ መሥራት ነው፤ ቀጥሎ ከተሞላ ከረጢት ጋር፤ ቀጥሎ በስምምነት አሸናፊው አስቀድሞ ታውቆ መሥራት፤ ከዚያ ተድ የሚባለው፣ በሙሉ ፍጥነት ተጋጭቶ ማንንም መሬት ሳይጥሉ መቆም፤ የመጨረሻው እንደ ጨዋታው መጣል ያለበት ላይቭ ነው። ጥሩ ቡድን አብዛኛውን የታክል ትምህርት በታችኞቹ ደረጃዎች ይጨርሳል። በአብዛኛው ሙሉ ንክኪ ተብለው የሚቆጠሩት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ በሕግም የሚገደበው ሙሉ ንክኪ ነው። ካሊፎርኒያ ከ2015 ጀምሮ በጨዋታ ወቅት ሙሉ ንክኪ ያለው ልምምድ በሳምንት ከሁለት ቀን፣ በቀን ከ90 ደቂቃ እንዳይበልጥ በሕግ ወስናለች። ቴክሳስ በሳምንት 90 ደቂቃ ብቻ ትፈቅዳለች። ዊስኮንሲን በ2014 ከዚህም ጠበቅ አደረገችው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ጨርሶ የለም፣ በሁለተኛው 75 ደቂቃ፣ ከሦስተኛው ጀምሮ 60 ደቂቃ። እዚያ የተደረገው ጥናት እንዳሳየው ከደንቡ በፊት በልምምድ ላይ ይደርስ የነበረው የኮንከሽን መጠን ከደንቡ በኋላ ከታየው በእጥፍ ይበልጥ ነበር። ዳርትማውዝ ኮሌጅ ደግሞ በአሰልጣኝ ባዲ ቲቨንስ ጊዜ፣ በ2010፣ ተጫዋቾች በልምምድ እርስ በርሳቸው እንዳይጣጣሉ አገደ፤ ኋላ ላይ የሚንቀሳቀስ ሮቦት አሻንጉሊት ሠርተው እሱን ይጥሉ ጀመር። እንዲህም ሆኖ የሊጋቸው ሻምፒዮን ሆነዋል፤ ስለዚህ "ካልተጋጩ ለጨዋታ አይጠነክሩም" የሚል አሰልጣኝ ካጋጠማችሁ ይህን ጥቀሱለት።


የዳላስ አባት | ቴክሳስ

አንድ አጭር ማሳሰቢያ አለኝ። በቴክሳስ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚጫወቱት ዳኛው ባብራሩት መጽሐፍ ሳይሆን፣ ጥቂት ለውጥ ተደርጎበት፣ በኮሌጆቹ ሕግ ነው። በዚያ ሕግ ታርጌቲንግ የፈጸመ ተጫዋች ከ15 ያርዱ በተጨማሪ ከሜዳ ይወጣል። ከሌላ ግዛት ለምትዛወሩ ወላጆች ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ የወንድሜ ልጅ ሳያውቅ ተቀጥቶበታል።


የአውሮራ እናት | ኮሎራዶ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ያየሁትን ነገር በስሙ ለመጥራት ችያለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። አንዳንድ ወላጆች ከሄልሜቱ ላይ የሚደረብ ለስላሳ ሽፋን ገንዘብ አዋጥተን እንግዛ እያሉ ነው፤ ይረዳል? ሁለተኛው ትንሽ ያስቸግረኛል። እኛ መምህርን በሥራው መጠየቅ እንደ ድፍረት በሚቆጠርበት ቤት ነው ያደግነው፤ ልጄም "እማዬ፣ አሰልጣኙን ካነጋገርሽው ያስቀምጠኛል" እያለ ይለምነኛል። እንዴት ልቅረብ?


የሕክምና ባለሙያዋ | ሲያትል

ጋርዲያን ካፕ የሚባለውን ሽፋን ፕሮፌሽናሉ ሊግ በ2022 ለአንዳንድ ተጫዋቾች በቅድመ ውድድር ልምምድ ግዴታ አድርጎታል፤ በ2024 ደግሞ በጨዋታም እንዲደረግ ፈቅዷል። በዊስኮንሲን የሁለተኛ ደረጃ ተጫዋቾች ላይ የተደረገው ጥናት ግን በልምምድ የሚደርሰውን ኮንከሽን እንደቀነሰ አላሳየም። ቢገዛ አይጎዳም፤ ነገር ግን ልጁ ሽፋኑን ተማምኖ ራሱን ካስቀደመ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይብሳል። ያ ገንዘብ ትምህርት ቤቱ የሙሉ ጊዜ አትሌቲክ ትሬነር ከሌለው ለዚያ ቢጠየቅበት እመርጣለሁ።

ከሽፋኑ በፊት የሄልሜቱን ልክ ይፈትሹ፤ ይህን እቤት መሥራት ይቻላል። ልጁ ሄልሜቱን ያድርግ፤ የፊቱ ጠርዝ ከቅንድቡ በላይ አንድ ኢንች ያህል መሆን አለበት። የጉንጭ ፓዶቹ ጉንጩን ሳይቆነጥጡ ይንኩ። የአገጭ ማሰሪያው በአራቱም ቁልፍ ተቆልፎ አገጩ መካከል ላይ ይቀመጥ። ከዚያ ፍርግርጉን ይዘው ቀስ ብለው ግራና ቀኝ ያዙሩት፤ የግንባሩ ቆዳ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ልክ ነው፤ ሄልሜቱ ብቻውን ከዞረ ይሰፋዋል። የእኛ ልጆች ጸጉር ጉዳይ ደግሞ ሌሎች የማያስቡት ነው። በነሐሴ አፍሮ ሳለ የተለካ ሄልሜት በመስከረም ጸጉሩን ሲቆረጥ ወይም ሲሾረብ ልኩ ይለወጣል፤ በአየር የሚነፋ ከሆነም ብርድ ሲመጣ አየሩ ይቀንሳል። ስለዚህ ጸጉሩን በተሠራ ቁጥር እንደገና ይለካ። በጨዋታ መካከል ሄልሜቱ የሚወልቅበት ልጅ፣ ተጋጣሚው ባጠፋው ጥፋት ካልሆነ፣ ቢያንስ ለአንድ ዳውን (ኳሱ ተነሥቶ እስኪቆም ላለው አንድ አጭር ዙር) እንዲወጣ ሕጉ ያዛል፤ ብዙ ጊዜ የሚወልቀውም ልኩ ስላልሆነ ነው።


ረዳት አሰልጣኙ | ሚኒሶታ

እህቴ፣ ስለ አቀራረቡ እኔ ልመልስ። ልምምድ ላይ፣ በሌሎች ወላጆች ፊት ወይም ከሽንፈት ማግስት አይጠይቁ። ዋናውን አሰልጣኝ በኢሜይል ቀጠሮ ይጠይቁት፤ ልጁ አብሮ ባይገኝ ይሻላል። ክስ አድርገው አይጀምሩ፤ "ልጄ ታክል ሲማር ራሱን የት እንዲያደርግ ነው የምታስተምሩት? በሳምንት ስንት ደቂቃ ሙሉ ንክኪ አላችሁ? የሚቆጥረውስ ማነው?" ብለው ይጠይቁ። በሥራው የሚተማመን አሰልጣኝ በነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም፤ እንዲያውም የልምምድ ዕቅዱን አውጥቶ ያሳይዎታል። በመጨረሻም ያዩትን ነገር ስም ሳይጠሩ ይንገሩት። ብዙ ጊዜ ዋናው አሰልጣኝ ረዳቶቹ በሌላው የሜዳ ጫፍ የሚያደርጉትን አያይም። እኔ ወላጅ ስለጠየቀ ልጅ ተቀጥቶ ሲቀመጥ ባይ ዝም አልልም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ ግን የትምህርት ቤቱ የስፖርት ዳይሬክተር አለ።


ዳኛው | ሰሜን ቨርጂኒያ

አሰልጣኙ በተናገሩት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በኮሎራዶ የወጣቶች የኮንከሽን ሕግ በጄክ ስናከንበርግ ስም የተሰየመ ነው። ጄክ በ2004 የዘጠነኛ ክፍል ተጫዋች ሳለ፣ ከመጀመሪያው መናወጥ ሳያገግም እንደገና ተመትቶ ሕይወቱ ያለፈ ልጅ ነው። በ2011 የጸደቀው ሕግ አሰልጣኞች በየዓመቱ ስለ ኮንከሽን እንዲማሩ፣ የተጠረጠረው ልጅ ወዲያው እንዲወጣ፣ ያለ ሐኪም የጽሑፍ ፈቃድም እንዳይመለስ ያስገድዳል። የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ሕግ የወጣው በ2009 በዋሽንግተን ግዛት፣ በ13 ዓመቱ ተመትቶ ወደ ጨዋታው በመመለሱ ከባድ የአንጎል ጉዳት በደረሰበት በዛከሪ ሊስቴት ስም ነው፤ በ2014 ሁሉም 50 ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ ነበራቸው። ስለዚህ አሰልጣኙን ሲያነጋግሩ ልዩ ውለታ እየለመኑ አይደለም፤ የግዛቱ ሕግም ስለሚያሳስበው የልጆች ደኅንነት እየጠየቁ ነው።


የአውሮራ እናት | ኮሎራዶ

ዋናውን አሰልጣኝ አነጋገርኩት። በአክብሮት ተቀበለኝ፤ የሳምንቱን ዕቅድ አሳየኝ፤ የሙሉ ንክኪውን ደቂቃ ግን በጽሑፍ የሚቆጥር ሰው እንደሌለ አምኖ ከአሁን በኋላ አንድ ረዳት እንደሚመድብ ነገረኝ። ያ ከሩቅ ተሯሩጦ የመጋጨት ልምምድም እንደሚቀር ቃል ገባልኝ። አባቱ ሙሉ በሙሉ ባይረጋጋም እስከ ወቅቱ መጨረሻ ለማየት ተስማምቷል። አሁን የሚያሳስበኝ የተመታው ልጅ ነው። እናቱ ጎረቤቴ ናት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርሃን እንደሚያስጠላውና ቶሎ እንደሚናደድ ነገረችኝ፤ እሱ ግን "ደክሞኝ ነው" እያለ ልምምድ መሄድ ይፈልጋል።


የሕክምና ባለሙያዋ | ሲያትል

ነገ ሳይሆን ዛሬ ሐኪም ይየው፤ እስከዚያው ልምምድ አይሂድ። ብርሃን መጥላት፣ ብስጭት፣ ራስ ምታት፣ የእንቅልፍ መለዋወጥ፣ ያነበቡትን አለመያዝ፣ እነዚህ ሁሉ ደረት ላይ ተመትቶም ራሱ በኃይል ስለተወዘወዘ ሊመጡ የሚችሉ የኮንከሽን ምልክቶች ናቸው። ትውከት፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ መንተባተብ፣ ከእንቅልፍ ለመንቃት መቸገር ወይም የእጅና የእግር መደንዘዝ ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

ኮንከሽን መሆኑ ከታወቀ መጀመሪያ የሚመለሰው ወደ ትምህርቱ ነው፤ አስፈላጊ ሲሆን የቤት ሥራው ይቀነስለታል፤ ለዚህ እናቱ የሐኪሙን ወረቀት ለትምህርት ቤቱ ትስጥ። ወደ ሜዳ የሚመለሰው በደረጃ ነው፦ በቀላል እንቅስቃሴ ይጀምራል፣ ከዚያ ሩጫ፣ ከዚያ ያለ ንክኪ የቡድን ልምምድ፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆያል፤ ምልክቱ ከተመለሰበት ወደ ቀደመው ደረጃ ይወርዳል። ንክኪ ያለበት ልምምድ የሚፈቀድለት ሐኪሙ በጽሑፍ ካረጋገጠ በኋላ ነው፤ ጨዋታ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። ጎረቤትዎ እንግሊዝኛ የሚያስቸግራት ከሆነ ሆስፒታሉ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ልጁ ራሱ እንዲያስተረጉም አታድርጉ፤ ወደ ቡድኑ ቶሎ ለመመለስ ሲል ምልክቶቹን ሊያሳንስ ይችላል።